የማይሞተው ጭራቅ ለምን አይሞትም?

"መጨረሻው ላይ ጭራቁ ካልሞተ ምኑን ፊልም ሆነ!" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ከጭንቀት ጋር ዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝና የሚመቹኝ ጭራቁ ያልሞተባቸው ታሪኮች ናቸው። ለምን እንደሆነ በሁለት ታሪክ ላስረዳ። (የፊልሙን መጨረሻ ስለምናገር "ባባዱክ"ን ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።)

"ባባዱክ" እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአውስትራሊያ ፊልም ነው፤ ደራሲዋም ዳይሬክተሯም ጄኒፈር ኬንት ናት። አሜሊያን ምጥ ይዟት ባሏ ወደ ሆስፒታል ሲወስዳት በመኪና አደጋ ይሞታል። የልጇ የሳሙኤል ልደት የአባቱ ሙት ዓመት ስለሆነ በቀኑ ተከብሮለት አያውቅም። የሟቹ ዕቃ ምድር ቤት ተቆልፎበታል፤ ስሙ ሲነሣም አትወድም። አልፌዋለሁ ባይ ናት፤ እርሟን ግን አላወጣችም።

ጭራቁ የሚመጣው በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ነው። አሜሊያ ትቀድደዋለች፤ መጽሐፉ ግን ተጣብቆ፣ አዲስ ገጽ ጨምሮ ደጃፏ ላይ ይገኛል። የታፈነ ሐዘንም እንዲሁ ነው፤ ሲመለስ ብሶበት ይመለሳል። እያደር ጭራቁ በእሷው እጅ ልጇን ሊያስገድላት ይደርሳል። በመጨረሻ ፊት ለፊት ቆማ ስትጮህበት ሸሽቶ ምድር ቤት ይገባል። አይሞትም። ከዚያ በኋላ ትል በሳህን ይዛለት ትወርዳለች፤ ሊያጠቃት ሲነሣ ታባብለዋለች፤ የልጇንም ልደት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኑ ታከብራለች። ሐዘኑ ዛሬም እዚያው ቤት ነው፤ የቤቱ አዛዥ መሆኑ ግን ቀርቷል።

ሁለተኛው የግሪኮቹ ሃይድራ ነው፤ አንድ ራሱ ሲቆረጥ ሁለት የሚያበቅል ባለብዙ ራስ እባብ። ሄርኩለስ ብቻውን አልቻለውም። የወንድሙ ልጅ ኢዮላውስ የተቆረጠውን አንገት በእሳት እየተኮሰ አገዘው። አንደኛው ራስ ጭራሽ የማይሞት ስለነበር ሄርኩለስ ቀብሮት ቋጥኝ ጫነበት። ሥራውን ያዘዘው ንጉሥ ዩሪስቴየስ ግን ረዳት ስለነበረህ ድሉ አይቆጠርልህም አለው።

ያ ንጉሥ በብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል። መድኃኒት ስንጀምር "በራስህ ጥረት እኮ አይደለም" ይላል፤ ሕመሙ ሲያገረሽ ደግሞ "ድሮስ መች ዳንክ!" ይላል። ድባቴም ሆነ ጭንቀት ይታከማል፤ ታክሞ የሚድን ብዙ ነው፤ ከተሻለ በኋላ የሚያገረሽበትም ብዙ ነው። ማገርሸቱ ግን በደኅና የከረሙበትን ጊዜ ውሸት አያደርገውም። በሐኪም፣ በመድኃኒት፣ ሌሊት ስልክ በሚያነሣ ወዳጅ እገዛ የተሻገራችሁት ወር ሁሉ ይቆጠራል። ቆጣሪው ዩሪስቴየስ እንዳይሆን ብቻ ከልክሉ።