ጎማው ይቀየራል፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ግን አይቀየርም

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። አዳማ ውስጥ ሳልቫጅ ጫማ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባለጎማ ስኬት ተሰቅሎ አየሁ። አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረለት፣ ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር ያለው። ሻጩ 3,500 ብር አለኝ፤ ተከራክሬ በ2,200 ወሰድኩት። የዚያን ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ከአንድ ዕቃ ላይ 1,300 ብር ሲያስቀንስ ዲግሪው በመጨረሻ ሥራ ያገኘ ይመስለዋል።

«ትንሽ ሰፋኝ መሰለኝ» ስለው «ችግር የለውም፣ ወፍራም ካልሲ ታደርጋለህ» አለኝ። አመንኩት። ማመን ፈልጌ ነበራ!

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት፣ ባጃጆች ገና ሳይበዙ፣ ሰፈራችን ያለው አስፋልት ላይ ስዞር ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጉድጓድ አልነበረም። መኪናም አልነበረም። ቦቱ በቃ እንደ ካልሲ ተጣጠፈ፣ እኔም አብሬው ወደቅኩ። እናቴ «ወጌሻ ይጠራ» አለች፤ እኔ ደግሞ «ራጅ ሳልነሳ ማንም አይነካኝም እማ» አልኩ። ራጁ ስብራት አላሳየም፤ ሐኪሙ ጅማቱ ተጎድቷል አለኝ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ካርድና ራጅ 900 ብር። መድኃኒትና የእግር ማሰሪያ 650። ለመመላለስ የባጃጅ ኮንትራት 750። ያን ሰሞን ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ የማስሞላበት ጊዜያዊ ሥራ ነበረኝ፤ በእግር የሚሠራ ነውና ቀረ፣ 6,000 ብር። ድምሩ 8,300 ነው። የስኬቱ ዋጋ ሲጨመርበት 10,500 ብር። «በርካሽ አገኘሁት» ያልኩት ዕቃ እንግዲህ ይሄ ነው።

የሚያናድደኝ ምልክቱን ቀድሜ ማየቴ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተረከዜ ቦቱ ውስጥ ይነሳ ነበር፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያመኝ ነበር። ግን «2,200 ብር አውጥቼበት እንዴት እተወዋለሁ?» እያልኩ ቀጠልኩ። ክፍል ውስጥ «ሰንክ ኮስት» ብለው ያስተማሩን ይሄንኑ ነው፦ ወጥቶ ያለቀ ብር ለቀጣዩ ውሳኔ ምክንያት አይሆንም። ፈተናው ላይ በትክክል መልሼዋለሁ። እግሬ ላይ ሲመጣ ግን ተሳሳትኩ።

ካገገምኩ በኋላ ስለ ቦት ማንበብ ጀመርኩ። ስለዚህ ነገር አብዝተው የሚያወሩት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱት፣ የፊገር ስኬቲንግ ሰዎች ናቸው። ቢጨነቁ አይገርምም፤ የቆሙበት ስለት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ጣሊያኑ ኤዴያ፣ እንደ አሜሪካው ሪዴል፣ እንደ ካናዳው ጃክሰን ያሉ ቦት ሠሪዎች ጫማቸውን በእግር ቁጥር ብቻ ሳይሆን በጥንካሬ ደረጃም ይለያሉ። ኪሎው የሚከብድና ዝላይ የሚዘል ሰው ጠንከር ያለውን ይወስዳል። የ8 ዓመት ልጅ በለስላሳ ቦት ሲፈነጭ አይታችሁ «እኔም እችላለሁ» እንዳትሉ። የልጁ ክብደት ትንሽ ነው፣ ሲወድቅም ከአጭር ከፍታ ነው። 65 ኪሎ የሆነ ሰው ግን በዘመመ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከታች በረዶ ይሁን የአዳማ አስፋልት፣ ለቁርጭምጭሚት ለውጥ የለውም።

ስለዚህ አዲስም ይሁን ሳልቫጅ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እነዚህን አራት ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ እግራችሁን ለኩ። ማታ ላይ፣ እግር ትንሽ አበጥ ሲል፣ ወረቀት ላይ ቁሙና ተረከዛችሁን ከግድግዳ አስጠግታችሁ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ለኩ። 42 ቁጥር የሚባለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ሴንቲ ሜትር ግን ያው ሴንቲ ሜትር ነው። ቦቱን አስራችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ነካ ሊያደርግ ይገባል፣ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። ተረከዛችሁ ከተነሳ ቦቱ የእናንተ አይደለም። ወፍራም ካልሲ የሰፋ ቦት አያጠብም፤ ካልሲው ራሱ ውስጥ ይንሸራተታል።

ሁለተኛ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያርፍበትን ቦታ ከግራና ከቀኝ በእጃችሁ ጨምቁት። እንደ ጨርቅ ከተጣበቀ ተዉት። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ጥልቅ መታጠፊያ ካወጣም ተዉት፣ አልቆለታል ማለት ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ጋር የሚያያዝበትን ብሎን ወዘወዝ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ አስራችሁ ቁሙና ጓደኛችሁ በስልክ ከኋላ ፎቶ ያንሳችሁ። ፎቶው ላይ ቁርጭምጭሚታችሁ ከጎማው በላይ ቀጥ ብሎ ከታየ ጥሩ። ወደ ውስጥ ከዘመመ እንደገና አጥብቃችሁ እሰሩና ሞክሩ፤ አሁንም ከዘመመ ይቅርባችሁ። እኔ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሴልፊ ተነስቼ ነበር፣ ከፊት። ከኋላ ብነሳ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አራተኛ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። ድጋፍ ሲባል ድንጋይ ማለት አይደለም። ቦቱ ወደ ጎን አያጋድላችሁ፣ ወደ ፊት ግን ጉልበት እንድታጥፉ ይፍቀድ። ለዝላይ የተሠራ በጣም ደረቅ ቦት ጀማሪን እንደ እንጨት ያደርገዋል፤ ሚዛን የሚጠበቀው ጉልበት በማጠፍ ነውና። ክሩን ጣት አካባቢ ላላ፣ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጠበቅ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ መለስ ያለ አድርጉት።

ጎማና ኩሽኔታስ? እነሱ ይቀየራሉ። የአብዛኛው ስኬት ኩሽኔታ 608 የሚባለው ነው፤ ውጪው 22፣ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር። በዚህ ቁጥር ጠይቃችሁ መግዛት ትችላላችሁ። አዳማ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱን አሸዋ ስለሚያለብሰው ኩሽኔታ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ያለቀ ጎማ ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው። የላላ ቦት ግን ዋጋ ማስቀነሻ አይደለም፣ ትቶ መሄጃ ነው።

የኔን ቦት ጫማ ሰፊ ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ናት፣ ከኛ ሩቅ አይደለችም፤ «ጠንከር ያለ የሞጆ ቆዳ ከውስጥ ይደረብበት» ብዬ ነው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና ሳቁ። «ክር እቀይርልሃለሁ፣ የተቀደደ እሰፋልሃለሁ። የደከመ ቦት ግን በስፌት አይነሳም ልጄ» አሉኝ። ብር እንኳን አልተቀበሉኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ ቦት የደከመ እግር ምትክ አይደለም። ጥርስ ስትፋቁ በአንድ እግር መቆም ተለማመዱ፤ ነፃ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያም ይኑራችሁ። አይሱዙ ኋላ ተንጠልጥሎ መጎተት ደግሞ በቪዲዮ ብቻ ነው የሚያምረው፤ አሸዋ ላይ ስትደርሱ የሚያድናችሁ ቦት የለም። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና የሌለበት ሰዓት ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። ካልሆነ እንደኔ እሑድ በጠዋት ውጡ።

አሁን ብር እያጠራቀምኩ ነው። ዘንድሮ የምገዛው ቦት ከቀድሞው በዋጋ እጥፍ ቢሆን እንኳን 4,400 ብር ነው፤ ያ «ርካሽ» ስኬት ካስወጣኝ ከግማሹም ያነሰ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሱቅ ሳልፍ ሌላ ጥንድ ተሰቅሏል። አንድ ልጅ እያየው ነበር። ጠጋ አልኩና «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎኑን ጨምቀው» አልኩት። ጨመቀው። ተጣጠፈ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሻጩ ብቻ አልሳቀም።

ሰላም ሁኑ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።