አሸዋማ መሬትን በባክቴሪያና በዕፅዋት ቃጫ ስለማጽናት

እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን አገር የኒጋታ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ፣ በካዋጊሺ ቾ ሠፈር የነበሩ ባለ አራት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ሳይፈራርሱ ወደ ጎን ዘመሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አጋደለ። ጉድለቱ የግንቡ ሳይሆን የመሬቱ ነበር። ውኃ የጠገበ ልል አሸዋ ሲናወጥ ቅንጣቶቹ መደጋገፋቸውን ይተዉና እንደ ፈሳሽ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን አሸዋ ለማያያዝ ከቀረቡት ዘዴዎች አንዱ በባክቴሪያ መጠቀም ነው። ለዚህ ሥራ ይበልጥ የታወቀው ስፖሮሳርሲና ፓስቴዩሪ የተባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ሲሆን፣ በቀድሞ ስሙ ባሲለስ ፓስቴዩሪ ይባል ነበር። ይህ ባክቴሪያ ዩሪያን ወደ አሞኒየምና ካርቦኔት ይለውጣል። በከብት በረት የሚሸተው የአሞኒያ ጠረን የሚመጣው ከዚሁ ዓይነት ለውጥ ስለሆነ፣ መምህራን ነገሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። በአሸዋው ውስጥ የካልሲየም ክሎራይድ ውሁድ ሲጨመር፣ ካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ ካልሳይት የተባለ ማዕድን ይሆናል። ካልሳይቱም ቅንጣቶቹ በሚነካኩበት ቦታ እየረጋ ያጣብቃቸዋል። ለውጡ ከፈጠነ ግን ፈሳሹ የሚገባበት አፍ ይደፈንና የራቀው አሸዋ እንዳለ ይቀራል። በኔዘርላንድስ 100 ሜትር ኩብ አሸዋ ላይ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ሙከራ፣ የጠጠረው አሸዋ ጥንካሬ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያይ ነበር።

በዚህ መንገድ የጠጠረ አሸዋ ሌላም ጉድለት አለበት፤ ሸክም ይችላል፣ ከአቅሙ በላይ ሲጫነው ግን በድንገት ይሰነጠቃል። መድኃኒቱን የጭቃ ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭቃው የጤፍ ጭድ ካልገባበት ሲደርቅ ይተረተራል። በአሸዋውም እንዲሁ የቃጫ፣ የጁት ወይም የኮኮናት ጭረት በአጭሩ ተቆርጦ ሲደባለቅ፣ ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ያቆየዋል። መጠኑ ጥቂት መሆን አለበት፤ ከበዛ ይቋጠራል፣ ፈሳሹንም ያግዳል። ጭረቱ አስቀድሞ ከአሸዋው ጋር መታሸት ስላለበት፣ ተቆፍሮ ለሚመለስ መሬት እንጂ በቆመ ሕንፃ ሥር ላለው አይሆንም።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሒሳቡ አይናቅም። የአንድ ሜትር ኩብ አሸዋ ክብደት 1,600 ኪሎ ግራም ቢሆንና 5 በመቶ ካልሳይት ቢፈለግ፣ 80 ኪሎ ካልሳይት ያስፈልጋል። ለዚህም፣ ምንም ሳይባክን፣ 48 ኪሎ ዩሪያ ይፈጃል፤ ይኸውም ለእርሻ ከሚውል ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ጥቂት ብቻ ያነሰ ነው። በተጨማሪም 29 ኪሎ ያህል አሞኒየም ይተርፋል። ይህ ታጥቦ ካልተሰበሰበ ወደ ናይትሬት ተለውጦ የጉድጓድ ውኃ ሊበክል ይችላል። በዚህ ምክንያት ዘዴው የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ባለበት አካባቢ ሊታሰብ አይገባም። ጭረቱም በእርጥብ መሬት ውስጥ በጊዜ ብዛት ስለሚበሰብስ፣ ለዘለቄታ መሠረት ከመሆን ይልቅ የመንገድ ዳር ቁልቁለትን ሣር እስኪይዘው ድረስ ለማቆየት ይበልጥ ይስማማል።