የሕፃን ዕድል ከምን ይሠራል?

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አነጋገር በአገራችን የቆየ ነው። ለወላጅም መጽናኛ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ይህ ዕድል የተባለው ነገር ከምን ከምን እንደሚሠራ ጠጋ ብለን ብንመረምረው፥ አብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን።

በቅድሚያ የተሠራውን መልካም ሥራ እንመስክር። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳስረዳው፥ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቍጥሩ ወደ 67 ወርዶ ተገኘ። ለዚህም በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ትልቅ ድርሻ አለው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች እየተመደቡ ክትባቱንና የጤናውን ምክር ወደ መንደሩ አድርሰዋል።

ይሁን እንጂ አማካይ ቍጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ያው የ2008ቱ ጥናት፥ ከእርሱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ከ1,000 ሕፃናት በአዲስ አበባ 39፥ በአፋር ግን 125 ይሞቱ እንደ ነበር ይገልጻል፤ ይኸውም ከስምንት ልጆች አንዱ ማለት ነው። ክትባቱን ብቻ ለምሳሌ እንውሰድ። ሕፃኑ በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፥ ደግሞም በ9ኛው ወር ከከታቢው ፊት መቅረብ አለበት። ለከተማ እናት ይህ አራት ቀጠሮ ነው። ግመሏንና ፍየሏን ይዛ ለሣርና ለውሃ ለምትዘዋወር እናት ግን ጤና ኬላው ባለበት ሲቀር እርስዋ ትርቃለች። ስለዚህ በዚያ ጥናት መሠረታዊውን ክትባት ጨርሰው የተገኙት ሕፃናት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፥ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ።

ሌላም ብርቱ ነገር አለ። ከ67ቱ ሟቾች 29ኙ የመጀመሪያውን ወር እንኳ አልጨረሱም። ክትባት በበረዶ ሣጥን ተይዞ ወደ መንደር ይሄዳል፤ ሲወለድ መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ ለማዳን ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። ይህ እጅ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የሚገኝ ስለ ሆነ እናቲቱ ወደዚያ መሄድ ይኖርባታል። መንገዱም ለሁሉ እኩል አይደለም። በ2008ቱ ጥናት በጤና ድርጅት የተወለዱት ከከተማ ልጆች ከመቶ 79፥ ከገጠር ልጆች ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። ካልተማሩ እናቶች ልጆች ከመቶ 16፥ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ከተማሩት ልጆች ግን ከመቶ 92 ነበሩ።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ ያለ ክፍያ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የመጓጓዣው ዋጋ፥ የሚታጣው የሥራ ቀንና ቤት የሚቀሩትን ልጆች የሚጠብቅ ሰው በነጻ አይገኝም። ምጥ በሌሊት ሲመጣ፥ ወንዙም ሞልቶ ድልድይ ሲታጣ፥ ድኻዋ እናት በቤቷ ትቀራለች።

ነገ በየወረዳው የምትመደቡ ወጣቶች ሆይ! «ሥራው ከመቶ ይህን ያህል ተከናውኗል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብላችሁ፥ «የቀሩት እነማን ናቸው? ከየትኛው ቀበሌ? ከመንገድ በስንት ሰዓት ርቀት?» ብላችሁ ጠይቁ። ከታቢው ከብት ወደሚጠጣበት ውሃ እንዲወርድ፥ ወሊዷ የቀረበ የሩቅ አገር እናት በጤና ጣቢያው አጠገብ የምታርፍበት ማቆያ እንዲሠራ፥ ሴት ልጅም ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ማድረግ የአስተዳደር ሥራ ነው። የአንድ ድልድይ በጀት በጤና መዝገብ ላይ ባይጻፍም ሕፃን ያድናል። በዕድል የምናመካኘው ሞት ብዙ ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ ውሳኔ ሲጠብቅ የቆየ ጉዳይ ነውና፥ መዝገቡን ገልጠን እንመልከተው።