ቅጥቅጥ የሚገዛ በሐምሌ ይግዛ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ የደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አንበሳሜ በኩል አልፎ ወደ እስቴ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ከቅጥቅጥ ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም። ጣራው ላይ ኩንታል እህል፣ አልጋና ቢጫ ጀሪካን ተቆልሎበት፣ በሩ ላይ ረዳቱ ተንጠልጥሎ፣ ከወገቡ በላይ አውቶቡስ፣ ከወገቡ በታች ጭነት መኪና ሆኖ ይመጣል። ተሳፋሪው ስለ ታሪፉ፣ ስለ ሾፌሩ ፍጥነትና ስለ ሙዚቃው ያወራል እንጂ የተቀመጠበት ነገር እንዴት እንደተሠራ ሲጠይቅ ብዙም አይሰማም። የሚጠይቀው ሊገዛ ሲነሣ ነው። ዕቁቡን፣ ወንድሙ ከአረብ አገር የላከለትንና የባንክ ብድሩን አንድ ላይ አድርጎ ያገለገለ ቅጥቅጥ ፊት የቆመ ሰው ምኑን ማየት አለበት?

ስሙ ራሱ ግማሹን መልስ ይዟል። ቅጥቅጥ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ አውቶቡስ የነበረ መኪና አይደለም። መሠረቱ የጃፓኑ አይሱዙ ጭነት መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤን ፒ አር የሚባለው ነው። ይህ በጃፓን ኤልፍ ተብሎ በ1959 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የመኪና ዘር ወገን ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሻንሲውና ባሌስትራው የፋብሪካ ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው አጥንት፣ ቆዳ፣ ጣራና ወንበር ግን እዚሁ አገር ጋራዥ ውስጥ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተገጠመ ነው። ሕዝቡ ዶልፊን የሚባለውን ሚኒባስ በመልኩ ሲሰይመው ይኼኛውን በአሠራሩ ሰየመው።

እንግዲህ ቅጥቅጥ የሚገዛ ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ነገር ይገዛል፤ አንዱ የጃፓን ሥራ፣ ሌላው የበያጁ ሥራ ነው። ስለ መጀመሪያው ምክር የሚሰጥ መካኒክ በየመንገዱ ሞልቷል። ሞተር ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ካስፈለገም ይቀየራል። የተበላሸ ቦዲ ግን እንደገና ልሥራው ቢሉ ከመኪናው ዋጋ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳል። አንዱን ቅጥቅጥ ከሌላው የሚለየውም በአብዛኛው ይኸው የሁለተኛው ሰው እጅ ነው።

ከባድ ነገር መንኮራኩር ላይ አስቀምጦ የደቡብ ጎንደርን ተራራ ማሻገር ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲሠሩ፣ የሚጎተትበትንም ጋሪ መሥራት ነበረባቸው። መድፉ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ከደብረ ታቦር የተነሣው ጉዞ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነበር። ስድስት ወር ያህል ሰው በገመድ እየጎተተ፣ ከፊቱ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያስታውሰው መድፉን ነው፤ የጋሪውን ስም የሚያነሣ የለም። ነገር ግን ጋሪው ባይችል ኖሮ መድፉ ጋፋት ይቀር ነበር። የቅጥቅጥ ገዢም ስለ ሞተሩ እየሰማ ተሸካሚውን ይረሳል።

ወደ ጋራዡ እንግባ። እዚያ የሚነገረው ቋንቋ ግማሹ የጣሊያን ቅርስ ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ ቱቦ ቱቦላሬ፣ እጥፉ ብረት አንጎላሬ፣ ስሱ ብረት ላሜራ፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ንብርብር ጣውላ ኮምፔርሳቶ፣ የጣራው መጫኛ ፖርቶመጋላ ይባላል። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉን ለመካኒኩ ትቶለት ሄዷል። ገዢ እነዚህን ቃላት ለይቶ ሲጠይቅ የሻጩም መልስ ይለወጣል፤ «ቦዲው ጠንካራ ነው ወይ?» ለሚል ሰው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ «ቋሚው ስንት በስንት ቱቦላሬ ነው?» ለሚል ግን እንዲሁ «አዎ» ማለት አይቻልም።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። የጭነት ሳጥን ያልተገጠመበት ሻንሲ ይቀርባል፤ በላዩ አግዳሚ ብረቶች ይደረደራሉ፤ ከአግዳሚዎቹ ቋሚዎች ይነሣሉ፤ ቋሚዎቹ በጣራ ቀስት ይያያዛሉ። አጥንቱ ሲያልቅ ላሜራው ይለብሳል፤ የብየዳው ጠባሳና የመዶሻው ጉድጓድ በስቱኮ ይሞላል፤ ይፋቃል፤ አንቲረስት ይቀባል፤ በመጨረሻ ቀለም ይረጫል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቀለም ለሠሪው የመጨረሻ ነው፤ ለገዢው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባለው ለቅጥቅጥም ይሠራል። ስለዚህ ገዢው ሠሪው በሄደበት ቅደም ተከተል ይሂድ፤ ከሥር ይጀምር።

የሥራ ልብስ ለብሰው፣ ባትሪ ይዘው፣ ከሥር ይግቡ። የሻንሲው ሁለት ረጃጅም ብረቶች ላይኛውና ታችኛው ከንፈር አላቸው። መኪናው ጭነት ሲሸከም ከፍተኛውን ውጥረት የሚቀበሉት እነዚህ ከንፈሮች ናቸው። እነሱ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ወይም ቦዲው በቀጥታ ከተበየደ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጥሩ ሠሪ ከንፈሩን አይነካም፤ ቦዲውን በሻንሲው ዙሪያ በሚታሰር ብሎን ወይም በጎኑ በተሠራ መያዣ ያስረዋል፤ በብረትና በብረት መካከል ጎማ ወይም እንጨት ያስገባል። ለዚህም ምክንያት አለው። የጭነት መኪና ሻንሲ እንዲጣመም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ እንደ መሰላል ተወላግዶ ይመለሳል። ላዩ ላይ የተቀመጠው ሳጥን ግን መጣመም አይወድም። መሀላቸው የሚገባው ጎማ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። እዚያው እያሉ የኋላውን ጫፍ ይዩ። ተጨማሪ ወንበር ለማስገባት ሻንሲው ተቀጥሎ ከሆነ መገጣጠሚያው በምን እንደተደገፈ ይጠይቁ። ከኋላ እግር አልፎ የተንጠለጠለው ርዝመት በበዛ ቁጥር የፊት እግር ይቀልላል፤ የፊቱ የቀለለ መኪና ደግሞ መሪ አይታዘዝም።

ከሥር ወጥተው የአጥንቱን ጥንካሬ የሚፈትኑበት ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የፊት እግር ስንዝር ያህል ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀስታ ይወጣ። መኪናው እንደተጣመመ ይቁም። አሁን በሩን ይክፈቱ፣ ይዝጉ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ያንሸራቱ። ሜዳ ላይ በሁለት ጣት የሚከፈት በር እዚህ ትከሻ ካስፈለገው፣ ወይም ከጣራው በኩል የቀለም መሰንጠቅ ድምፅ ከተሰማ፣ አጥንቱ ቀጭን ነው፤ ወይም ብየዳው ዙሪያውን ሳይሆን ነጥብ ነጥብ ብቻ ተደርጎ ተትቷል። የፋርጣ ዳገትና የደራ ጠጠር መንገድ ይህን ፈተና በቀን ብዙ ጊዜ ይፈትኑታል። ገዢው አንድ ጊዜ አስቀድሞ ይፈትነው እንጂ!

ቆዳው ላይ ሲደርሱ ኪስዎ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማግኔት ትኑር፤ የተሰበረ ድምፅ ማጉያ ካለ ከጀርባው የምትገኘዋ ትበቃለች። በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ከበሩ ጀምረው በጎኑ ሁሉ ያስኪዱት። ማግኔቱ ላሜራ ሲያገኝ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ሲያገኝ ይለቃል። እዚህም እዚያም ትንሽ ቢለቅ በእጅ የተሠራ ነገር ነውና አይግረምዎ። ከእግር መሸፈኛው በላይና ከመስኮቱ ማዕዘን ሥር በሰፊው ከለቀቀ ግን ወይ ግጭት ወይ ዝገት ተሸፍኗል። ቀጥሎ ከመኪናው ጫፍ ቆመው በጎኑ ይመልከቱ፤ የአጥሩ ወይም የግንቡ ጥላ ቀለሙ ላይ ቀጥ ብሎ ከታየ ላሜራው ተወጥሯል፤ እንደ ጣና ማዕበል ከተንቀጠቀጠ ስስ ነው። በስስና በወፍራም መካከል ያለው ልዩነት ከሚመስለው ይበልጣል፤ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ላሜራ መታጠፍን የሚቋቋመው ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። ሠሪው ከላሜራው የቆጠበው ጥቂት ገንዘብ ገዢውን ምን እንደሚያሳጣው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዋናው ጠላት ይመጣል፤ ውሃ። አንድ ሐምሌ ከደብረ ታቦር ስወርድ አጠገቤ የተቀመጡት አባት ቅጥቅጡ ውስጥ ጃንጥላ ዘረጉ። የሳቀ አልነበረም፤ ከኋላ ያለች ሴትም ልጇን ይዛ ጥላው ሥር ተጠጋች። ያ መኪና ከሦስት ወር በፊት አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ሲያብረቀርቅ አይቼው ነበር።

ውሃ የሚገባው በትልቅ ቀዳዳ አይደለም። ፖርቶመጋላው ጣራውን በስቶ በብሎን ከታሰረ በብሎኑ ዙሪያ ይገባል፤ የጣራው ላሜራዎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው በማስቲሽ ብቻ ከተዘጉ ማስቲሹ በበጋው ፀሐይ ሲሰነጠቅ በዚያ ይገባል። ከዚያ በቋሚው ቱቦላሬ ውስጥ ወርዶ መውጫ ሲያጣ እዚያው ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ የተረፈው ኮምፔርሳቶውን ያበሰብሳል። ጎጆ የሚከድን ሰው ይህን ያውቃል፤ ሣሩን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚደርበው የላይኛው በታችኛው ላይ እንዲያፈስስ ነው። ጥሩ ቅጥቅጥ ሠሪም ላሜራውን እንዲሁ ይደርባል፤ የፖርቶመጋላውን እግር ጣራውን ሳይበሳ ከጎኑ አጥንት ጋር ያስራል፤ በቋሚውና በበሩ ግርጌ ጣት የማታስገባ የውሃ መውጫ ይተዋል። ያቺን ትንሽ ቀዳዳ ካገኙ አስተዋይ ሰው እጅ ላይ እንደወደቁ ይወቁ።

ለማረጋገጥ በሩንና መስኮቱን ዘግተው መጋረጃውን ጋርደው ውስጥ ይቁሙ። ብርሃን የሚያስገባ ውሃም ያስገባል። በጋ ከሆነ የጎማ ማሸጊያዎቹን ውስጠኛ ጠርዝ በጣትዎ ይጥረጉ፤ ቀጭን የአቧራ መስመር ካገኙ የክረምቱ ውሃ መንገድ እሱ ነው። ምንጣፉን ጥግ ላይ ገልጠው ወለሉን በተረከዝዎ ይምቱት፤ ጠንካራ ጣውላ ይጮሃል፤ የበሰበሰ ዝም ይላል።

የቀረው ነገር የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አጭር ቢሆንም አይዘለል። ወንበሩ በጣውላ ብሎን ኮምፔርሳቶ ላይ ብቻ ከተያዘ በፍሬን ጊዜ ከተሳፋሪው ጋር ይነሣል፤ ብሎኑ ከወለሉ ሥር ወጥቶ በሮንዴላና በዳዶ መታሰሩን ከሥር ሆነው ይዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላሜራ ሲያቋርጥ ቀዳዳው በጎማ ካልተሸፈነ ንዝረቱ ልጣጩን ይበላውና እሳት ይሆናል። የአደጋ ጊዜ መውጫው በወንበር ወይም በመለዋወጫ ጎማ ከተዘጋ መውጫ የለም ማለት ነው። የሊብሬውን የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክሩ። ቦሎ ስላለው ብቻ ደግሞ አይዝናኑ፤ ምርመራ መኪናው በዚያ ቀን እንዴት እንደነበረ ይናገራል እንጂ ለከርሞ ዋስ አይሆንም።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። እዚያ ሰዎች አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ጀርባ አስረው ሽርሽር ይሄዳሉ። አብዛኛው የሚሠራው ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ከተማ አካባቢ፣ በትልልቅ ፋብሪካ ነው። ነገር ግን እዚያም ያገለገለ ተጎታች ቤት የሚገዛ ብልህ ሰው መጀመሪያ የሚወጣው ጣራው ላይ ነው፤ የማስቲሹን መሰንጠቅ ያያል፤ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ እየተጫነ የሚለሰልስ ቦታ ይፈልጋል፤ ውሃ የገባበት የግድግዳ እንጨት በስብሶ ይጠብቀዋልና። ፋብሪካም ይሥራው ጋራዥ፣ ሳጥን በሻንሲ ላይ አስቀምጦ ዝናብ ውስጥ የሚነዳ ሁሉ ጠላቱ አንድ ነው።

ቅጥቅጥን መናቅም አይገባም። አስፋልት ያላገኘ ገበሬ እህሉንና ራሱን በአንድ ጉዞ ገበያ የሚያደርስለት፣ ሲሰበር በየትኛውም የወረዳ ከተማ በያጅ የሚያገኝ መኪና ነው። በደህና እጅ የተሠራ እንደሆነ ብዙ ክረምት ይሻገራል። ሻጮች ቀለም የሚቀቡት በበጋ ነው፤ በበጋ ሁሉም ቅጥቅጥ ደህና ነው። ስለዚህ መግዛት ያሰቡ ገንዘብዎን እስከ ሐምሌ ያቆዩት። ዶፍ ሲወርድ ይሂዱ፤ ሻጩ ዝናቡ ያባራ ቢልዎ እንቢ ይበሉ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሩብ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡ። ደርቀው ከወጡ ይግዙት።