የሳሳ አየርና የቆየ ሞተር፦ በአራዳ ከፍታ ሱፐርቻርጀር ወይስ ተርቦ?



የዛሬው ርእሴ ከክፍል ስወጣ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ነው። «ዶክተር፣ የአባቴ ኮሮላ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ሱፐርቻርጀር ልግጠምለት ወይስ ተርቦ?» ይሉኛል። ጥያቄው የወጣትነት ፍላጎት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ሞተር ቢፈነዳ ምትኩን ማግኘት ቀላል አይሆንም። ምርጫው በስሌት ላይ እንዲመሠረት የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ከፍታው የወሰደው ሩብ

በመጀመሪያ ሞተሩ ለምን እንደሚደክም እንረዳ። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 0.75 ባር ይወርዳል፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 1 ባር ያህል ነው። ቤንዚን የሚቃጠለው ሞተሩ በሳበው አየር መጠን ነውና፣ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት የመዘገበለት ሞተር እዚህ የሚሰጠን 75 ገደማ ብቻ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የሚያቃስተው መኪና የግድ ታሟል ማለት አይደለም፤ ከሚያስፈልገው አየር ሩቡን አጥቷል።

አየርን በግፊት ወደ ሞተር የማስገባት ጥበብ ራሱ ከከፍታ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ በጭስ ኃይል የሚሽከረከር መጭመቂያ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። በዝቅተኛው ቦታ ወደ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ተርቦው ሲገጠምለት ግን የቀድሞ ጉልበቱን መልሶ አገኘ። ሞስ የፈለገው የተወሰደውን ማስመለስ ነበር። እኛም ከዚያው ብንነሣ ይበጀናል።

የሁለቱ መሣሪያዎች አሠራር

ሱፐርቻርጀር ኃይሉን በቺንጋ አማካይነት ከክራንክሻፍቱ ይወስዳል። ሞተሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እርሱም በተወሰነ ልክ ይዞራል፤ ስለዚህ ነዳጁን እንደረገጥን ወዲያውኑ ይመልሳል። ዋጋው ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ላይ የሚቆርጠው ድርሻ ነው።

ተርቦ ኃይሉን የሚያገኘው ከሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ኮምፕሬሰር ያዞራል። ሊባክን የነበረ ጉልበት ይጠቀማልና ቁጠባው የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ጭሱ እስኪበረታ መጠበቅ ግድ ነው። በሳሳ አየር የጭሱም መጠን ስለሚያንስ ተርቦው እዚህ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ዘግይቶ ይነሣል። በፒያሳ መንገድ በትራፊክ መብራትና በእግረኛ መካከል አሥር ሜትር ሄዶ ለሚቆም መኪና ይህ መዘግየት በየደቂቃው የሚሰማ ነው።

የሱፐርቻርጀሩን ምሳሌ ከራሱ ከኮሮላ ቤተሰብ ማግኘት እንችላለን። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለ 1.6 ሊትሩን 4ኤ-ጂኢ ሞተር ወስዶ ሱፐርቻርጀር ሲገጥምለት ስሙን 4ኤ-ጂዜድኢ አለው። መጀመሪያ በኤምአር2፣ ቀጥሎም በኮሮላ ላይ ወጣ። ልብ ልንለው የሚገባን ፋብሪካው መጭመቂያውን ደርቦ ብቻ እንዳልተወው ነው። የመጨመቅ ምጣኔውን ከ9.4 ወደ 8 አወረደው፤ ፒስተኖቹን አጠነከረ፤ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ጨመረ፤ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ መጭመቂያው እንዲያርፍ በኤሌክትሪክ የሚላቀቅ ፍሪሲዮን አደረገለት። በየጋራዡ የሚገጠመው ሱፐርቻርጀር ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ዝግጅት ነው።

የጎደለውን ሩብ መመለስ ምን ያህል ይቻላል?

አሁን እናስላ። 0.75 ባርን ወደ 1 ባር ለመመለስ አየሩን 1.33 እጥፍ መጭመቅ ይበቃል። አየር ሲጨመቅ ግን ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል። ብቃቱ 55 በመቶ የሆነ ተራ ሱፐርቻርጀር 20 ዲግሪ የነበረውን አየር ወደ 65 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ ቢመለስም የአየሩ ብዛት የሚመለሰው 87 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መጭመቂያው ራሱ የሚበላው 4 የፈረስ ጉልበት ሲቀነስ ከ75 ወደ 83 ገደማ እንደርሳለን። ድካሙና ወጪው ለ8 የፈረስ ጉልበት ሆነ ማለት ነው። ኢንተርኩለር ጨምረን አየሩን ወደ 40 ዲግሪ ብናወርደው ግን ወደ 90 እንጠጋለን።

ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ተርቦ ያንኑ አየር 56 ዲግሪ ላይ ያደርሰዋል፤ ከሞተሩም በቺንጋ የሚወስደው ነገር የለም። በወረቀት ላይ ተርቦው ይበልጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ያለ ማቀዝቀዣ ግማሽ ሥራ ናቸው፤ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ መተው ይሻላል።

የዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ግፊቱን ወደ 1 ባር ብቻ ስንመልስ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል ፋብሪካው በባሕር ጠለል ላይ ካሰበው ብዙም አይርቅም። የቆየ ሞተር፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ይህን ያህሉን ይችላል። «ትንሽ ጨምርበት» እየተባለ 1.5 ባር ሲደርስ ግን ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑና ፒስተኑ ያልተሠሩበትን ሸክም ይሸከማሉ።

ቁልቁለቱ የሚያመጣው አደጋ

ከፒያሳ የሚነሣ መኪና ሁልጊዜ ፒያሳ አይውልም። ወደ ጎጃም የሚሄድን መኪና እናስብ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ የአባይ ድልድይ ሲደርስ ከፍታው 1,050 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት 0.89 ባር ይሆናል። ከዚያ ወደ ደጀን በሙሉ ኃይል ይወጣል፤ አየሩም የበረሃ አየር ነው።

የሱፐርቻርጀሩ ምጣኔ በቺንጋው መዘውር የተወሰነ ነውና አሁንም 1.33 እጥፍ ይጨምቃል፤ ግፊቱ 1.19 ባር ይደርሳል። አየሩ በ35 ዲግሪ ገብቶ፣ ኢንተርኩለር ከሌለ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣል። ካርቡሬተሩ ለአዲስ አበባ አየር ነዳጁ ተቀንሶ ተስተካክሎ ከሆነ ደግሞ በዚህ ጥቅጥቅ ባለ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ያንሳል። ግፊት፣ ሙቀትና የነዳጅ ማነስ ሲገናኙ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ማንኳኳቱ ካልተቋረጠ ፒስተን ይበሳል። አራዳ ላይ አንድ ዓመት ያለ ችግር የሠራ ሞተር በአንድ ዳገት ሊያልቅ ይችላል።

ተራ ስፕሪንግ ያለው ዌስትጌት የተገጠመለት ተርቦም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአካባቢው ግፊት ላይ 0.25 ባር ስለሚደርብ 1.14 ይደርሳል። የተርቦ እውነተኛ ብልጫ የሚታየው ፍጹም ግፊቱን በሚለካ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያና በኢንጀክተር ሲሠራ ነው። ያን ጊዜ «ከ1 ባር አትለፍ» ብለን ልናዝዘው እንችላለን፤ ፒያሳም ላይ አባይ በረሃም ላይ ይታዘዛል።

ምርጫው

እንግዲህ መልሴን ላጠቃልል። ኑሮው በከተማው ዳገትና መጨናነቅ ውስጥ ለሆነ መኪና፣ ኢንተርኩለሩና የነዳጅ ሥርዓቱ አብረው የተሟሉለት፣ በዝቅተኛ ምጣኔ የሚሠራ ሱፐርቻርጀር ይስማማዋል። ከደጋ ወደ ቆላ ለሚመላለስ መኪና በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ተርቦ ይሻላል። ካርቡሬተሩን ላልለወጠና ከአንድ ሱቅ በተገዛ አሮጌ ተርቦ ብቻ ለሚጀምር ሰው ግን የምመክረው አንዱንም አይደለም።

ከሁሉም በፊት ሦስት ነገሮች ይለኩ፦ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ የራዲያተሩ ጤንነት፣ የፍሬኑ ብቃት። ብዙ ጊዜ የደከመው መኪና ከፍታው ከወሰደበት ሩብ ሌላ፣ በተበላ ፋሻና በተዘጋ ማጣሪያ ተጨማሪ ጉልበት ያጣ ነው። ይህን ማስመለስ ከተርቦ እጅግ ይረክሳል። ፍሬኑን በተለይ አደራ እላለሁ። የሚንቀሳቀስ መኪና ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ በሰዓት ከ40 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስንሸጋገር ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው፤ የሚያቋርጡትም ተማሪዎች፣ እናቶችና አረጋውያን ናቸው። ለመውጣት የጨመርነውን ጉልበት ለመቆም ካላዘጋጀን ዕዳውን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የተበሳ ፒስተን ግን አይለቀምም። ተማሪዎቼ፣ ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት እርሳስ አንሡና የራሳችሁን መኪና ስሌት ሥሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጋራዥ ባለሙያው ሂዱ።