ሲ እና ዲ ምንድን ናቸው?

ኮምፒዩተር ከፍተን ፋይል ስንፈልግ ሲ እና ዲ የሚሉ ፊደሎች እናያለን። ብዙዎቻችን ሁለት ዲስክ ያለ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሃርድ ዲስኩ አንድ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ነው። እያንዳንዱ ክፍልፋይ ፓርቲሽን ይባላል። ታዲያ ኤ እና ቢ የት ሄዱ? ቀድሞ ለፍሎፒ ዲስክ የተያዙ ፊደሎች ስለነበሩ ሃርድ ዲስክ ከሲ ጀመረ።

መከፋፈሉ ምን ይጠቅመናል? ነገሩ አንድን ቤት በግድግዳ ሳሎንና ጓዳ አድርጎ እንደ መክፈል ነው። ሳሎኑ ቢታደስ የጓዳው ዕቃ አይነካም። ዊንዶውስ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ብቻ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ቢጫን፣ ዲ ላይ ያስቀመጥነው የትምህርት ዕቅድ፣ የፈተና ጥያቄና የተማሪዎች ውጤት ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ ግን ልብ እንበል! ቦታቸውን ካልቀየርናቸው በስተቀር ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ያሉት ሲ ውስጥ ነው። ሥራችንን ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ደርድረን ዲ ባዶውን ከተቀመጠ፣ መከፋፈሉ ምንም አልፈየደም።

ዲስኩ ያልተከፈለ ከሆነስ? በቅድሚያ ፋይሎቻችንን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ እንገልብጥ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን እንሰካ። ከዚያም፦

1. ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገን ዲስክ ማኔጅመንትን እንከፍታለን።

2. ሲ ላይ ራይት ክሊክ አድርገን ሽሪንክ ቮልዩም የሚለውን እንመርጣለን። የሚቀነሰው መጠን የሚጻፈው በሜጋባይት ነው፤ 100 ጊጋባይት ለመቀነስ 102400 እንጽፋለን። ለሲ ግን በቂ ቦታ እንተውለት፤ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል።

3. አናሎኬትድ የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ኒው ሲምፕል ቮልዩም ብለን ፊደልና ስም እንሰጠዋለን።

ፊደል የሌላቸው ትንንሽ ክፍልፋዮች ብናይ አንነካካቸው። ኮምፒዩተሩ የሚነሣውና ሲበላሽም የሚጠገነው በነሱ ነው።

ዋናውን ነጥብ ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ግድግዳ ቤት ይከፍላል እንጂ ከእሳት አያድንም። ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ይኑረን። ነገ የልጆች የዓመት ድካም በእጃችን ይገባል፤ ያ ሁሉ ውጤት ለአንድ ዲስክ ብቻ በአደራ አይሰጥም።