የልጆች ኦኩፔሽናል ቴራፒ በቪዲዮ ይሠራል?

በ2020 ኮቪድ ሲገባ እዚህ አሜሪካ የልጆች ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ልጆች የዕለት ተዕለት ነገሮችን ራሳቸው መሥራት እንዲችሉ የሚያግዝ ሕክምና) በጥድፊያ ወደ ቪዲዮ ዞረ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተጠራጥሬ ነበር። የልጁን እጅ ሳልይዝ ምን ልሠራ?

መልሱ ወላጅ ነው። እኔ አያለሁ፣ እናገራለሁ፤ የሚሠራው የእናት ወይም የአባት እጅ ነው። ውድ መጫወቻም አያስፈልግም። ልጁ ሽምብራ በሁለት ጣቱ እየለቀመ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምር፤ እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ። (ሽምብራው ወደ አፍ እንዳይገባ አደራ! ከአጠገቡ አትራቁ።) ስልኩን ደግሞ እጁ በሚታይበት በኩል አስቀምጡት፤ ፊቱን ብቻ ካየሁ ሥራዬን አልሠራሁም።

ሁሉም ግን በስክሪን አይሆንም። ሲበላ ትን የሚለው ልጅ፣ ወይም የእጅ መደገፊያ የሚለካለት፣ በአካል መምጣት አለበት።